መኪናን የሚያስረጀው ደረቅ ጨርቅ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መኪና አዘዞንና ጠዳን አልፎ ማክሰኝት ሲደርስ የቀለሙን ዓይነት ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። በበጋ አስፋልቱን ለቆ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ገባ ብሎ ከተመለሰ ከጣራው እስከ ጎማው አቧራ ይለብሳል። በክረምት ደግሞ የዋልካው ጭቃ እስከ በር እጀታው ይወጣል። መኪናው ቆም ሲል ታዲያ ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ከመቀመጫ ሥር ደረቅ ጨርቅ ያወጣና ኮፈኑንና በሮቹን መወልወል ይጀምራል። ድርጊቱ የንጽሕና ይመስላል። ነገር ግን በመኪና ገላ ላይ በየዕለቱ ከሚደርሱት ጉዳቶች ብዙውን የሚያደርሰው ይኸው ውልወላ ነው።

ጉዳዩ የማማር ብቻ አይደለም። በአገራችን መኪና ለብዙ ቤተሰቦች ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቁ ሀብት ነው። ሚኒባስና ባጃጅ ለሚያሠሩ ወገኖች ደግሞ የዕለት እንጀራ ነው። አንድ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ገዢ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የሚያየው ገላውን እንደሆነም ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፀጉር የቀጠነ መከላከያ

የመኪናው ላሜራ በአንድ ቀለም ብቻ የተሸፈነ አይደለም። በቅድሚያ ዝገት የሚከላከል ሽፋን፣ ቀጥሎ ፕራይመር፣ ከዚያ ዋናው ቀለም ይቀባል። ከሁሉም በላይ ጋራዦች «ክሊር» የሚሉት ቀለም አልባ ሽፋን ይደረብበታል። አንጸባራቂውን መልክ የሚሰጠውም፣ ፀሐይንና ዝናብን የሚከላከለውም ይኸው የላይኛው ሽፋን ነው።

ሁሉም ሽፋኖች ተደምረው በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ውፍረት አላቸው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። የላይኛው ክሊር ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ስለሆነ ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ይህ ሽፋን አንዴ ተፍቆ ካለቀ የሚመለሰው እንደገና በመቀባት ብቻ ነው።

አቧራው በራሱ ተኝቶ ሳለ ብዙም አይጎዳም። በውስጡ ግን ከቀለሙ የሚጠነክሩ ጥቃቅን የድንጋይ ፍርፋሪዎች አሉ። ደረቅ ጨርቅ በላዩ ሲያልፍ እነዚህን ፍርፋሪዎች ተጭኖ ይጎትታቸዋል። ጨርቁ ያን ጊዜ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። የአንድ ቀን ጭረት ለዓይን አይታይም። የአንድ ዓመቱ ግን በፀሐይ ብርሃን ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይወጣል፤ ጥቁርና ጠቆር ያለ ቀለም ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ አጭር ነው። ውኃ ከሌለ አቧራውን አይንኩት። ለደኅንነት ሲባል መስታወቱን፣ መብራቶቹንና ታርጋውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል።

በሁለት ባልዲ ውኃ

የውኃ እጥረት ለጎንደርና ለአካባቢዋ ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁንና መኪና በደንብ ለማጠብ ብዙ ውኃ የግድ አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠይቃል።

መኪናውን ጥላ ሥር አቁመው ገላው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። በጋለ ላሜራ ላይ ሳሙና ቶሎ ይደርቅና ምልክት ይተዋል። ከዚያ ምንም ሳይነኩ ከጣራው ጀምረው ንጹሕ ውኃ ያፍስሱ፤ ጭቃው እስኪርስም ጥቂት ደቂቃ ይስጡት። በውኃ ተጠርጎ የሚወርደው አፈር በጨርቅ የማይፈገፈግ አፈር ነው።

ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ። አንደኛው የሳሙና ውኃ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ይያዝ። ለስላሳውን ጨርቅ በሳሙናው ነክረው አንዱን በር ካጠቡ በኋላ በንጹሑ ውኃ አለቅልቀው አፈሩን ያራግፉ፤ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይመልሱት። ሁሉንም በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው ከአንደኛው በር ያነሣውን አሸዋ ለሁለተኛው በር ያካፍላል። ከላይ ወደ ታች ይውረዱ፤ ጎማና ፓራፋንጎ መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ ይታጠቡ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ ገላው መመለስ የለበትም።

የልብስ ሳሙና ዱቄት ቅባት የመበተን ኃይሉ ብርቱ ስለሆነ የመኪናውን ሰም አብሮ ያነሣል፤ በደንብ ያልሟሟው ዱቄትም ይቧጥጣል። ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፖ መጠቀም ይመረጣል። አንዳንዶች ለማብረቅ ብለው ገላውን በናፍጣ ያሻሉ። ብርቀቱ የዘይት ቅብ ነው፤ የሚቀጥለውን አቧራ አጥብቆ ይይዛል፣ የበርና የመስኮት ጎማዎችንም ይጎዳል።

ላቫጆ የሚያሳጥብ ሰው ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። የመጀመሪያው ለጎማ የዋለው ስፖንጅ ለገላው እንዳይውል ነው። ሁለተኛው የግፊት ውኃው በጣም ቀርቦ እንዳይረጭ ነው፤ ቀለም የተነሣበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ጠርዙን ይልጠዋልና። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸውም የኃይል መሙያው ክዳን መዘጋቱን ማየት አለባቸው። መኪናን ወንዝ ውስጥ ማጠብ ግን ለማንም አይበጅም። የማክሰኝት አካባቢ ወንዞች መድረሻቸው ጣና ነው፤ ዘይቱና ሳሙናውም አብሮ ይሄዳል።

ከላይ የሚወርድ ጉዳት

ሾላና ዋርካ ጥሩ ጥላ ናቸው፤ የወፍ ማደሪያም ናቸው። የወፍ ኩስ አሲድነት አለው። ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ በክሊሩ ላይ ይደርቅና ቦታውን በልቶ ጠባሳ ይተዋል። የዋንዛ ፍሬና የዛፍ ሙጫም ሲደርቁ ለመላቀቅ ያስቸግራሉ። መፍትሔው ሙሉ እጥበት እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ላዩ ላይ አኑረው ሲለሰልስ ያንሡት እንጂ በጥፍር ወይም በደረቁ አይፋቁት።

ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ነች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የደጋ ነፋሻ አየር ፀሐዩ የማይጎዳ ያስመስላል እንጂ ክሊሩን አድርቆ የሚያፈረፍረው ይኸው ጨረር ነው፤ አስቀድሞ የሚታየውም በጣራውና በኮፈኑ ላይ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የመኪና ሰም መቀባት ይረዳል። ሰም የተቀባ ገላ አቧራውን በቀላሉ ስለሚለቅ ውኃም ይቆጥባል። የመኪና ልብስ የሚያለብሱ ሰዎች ግን አቧራ በለበሰ ገላ ላይ እንዳይጎትቱት መጠንቀቅ አለባቸው።

የገበያ ቀን

በገበያ ቀን በማክሰኝት መንገድ ላይ ሰው፣ አህያ፣ ባጃጅና አይሱዙ አንዱን መስመር ይጋራሉ። እንጨት የጫነች አህያ በጠባብ መተላለፊያ ስታልፍ የጭነቷ ጫፍ ከበሩ ከፍታ ጋር ይገጥማል። ለዚህ ከጠባቂ ይልቅ የማቆሚያ ቦታ መምረጥ ይበልጣል። ከእንስሳት መተላለፊያው ራቅ አድርጎ፣ መስተዋቶቹን አጥፎ፣ ሌላ በር የማይከፈትበት ጥግ ማቆም ብዙ ጭረት ያድናል።

ጣራ ላይ ጭነት የሚያስሩ ሚኒባሶችና አውቶቡሶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ገመዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የጣራውን ጠርዝ ይፍቃል፤ ገመዱ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ወፍራም ጨርቅ ወይም ላስቲክ ማድረግ ይገባል። በግና ፍየል ከተጫነ የእንስሳቱ ሽንት ጨዋማ ስለሆነ በጣራው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ተኝቶ ላሜራውን ከሥር ይበላል። በዚያኑ ቀን በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት።

ከጭረት ወደ ዝገት

በጠጠር መንገድ ላይ ከፊት ያለው መኪና ጎማ የሚወረውረው ጠጠር ቀለሙን እስከ ብረቱ ሊበሳው ይችላል። ርቀት መጠበቅ የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ብረቱ ከታየ ግን የምስር ፍሬ የምታህለው ቁስል ቸል ልትባል አይገባም። ዝገት በቀለሙ ሥር እየተስፋፋ ስለሚሄድ ላይኛው ሳይታወቅ ውስጡ ይበላል።

ቁስሉ ትንሽ ሳለ ዝገቱን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ፣ አድርቆ፣ ፕራይመርና ተመሳሳዩን ቀለም በቀጭን ብሩሽ መንካት ይበቃል። የቀለሙ ቁጥር በአብዛኞቹ መኪኖች በበሩ ጠርዝ ወይም በሞተሩ ክፍል ባለው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ጋራዥ ከተገባም ስቱኮው ከመሞላቱ በፊት ብረቱ ንጹሕ መሆኑን በዓይን ማየት ይገባል። በዝገት ላይ የተለሰነ ስቱኮ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

በክረምት በፓራፋንጎ ውስጥ የተጠቀጠቀ ዋልካ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ከገላው ይልቅ የሥሩ እጥበት ይቀድማል። በሮች ከታች በኩል ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በጭቃ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። በእኛ አገር መንገድ ላይ ለበረዶ ማቅለጫ ጨው አለመበተኑ ትልቅ ዕድል ነው። ከአውሮፓ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ግን ጨው የቀመሰ ሊሆን ስለሚችል ሥሩን ማስፈተሽ አለበት።

የማይዝገውስ ብረት?

ቀለም ጭራሽ ባይኖርስ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሰሜን አየርላንድ መመረት የጀመረው ዴሎሪያን ገላው ያልተቀባ ስቴይንለስ ስቲል ነበር። ቴስላም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለገዢዎች ማስረከብ የጀመረው ሳይበርትራክ እንዲሁ ነው። ስቴይንለስ ስቲል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር ንጹሕ ሆኖ አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል።

ይሁን እንጂ አይዝግም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። የሳይበርትራክ የአጠቃቀም መመሪያ ራሱ የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የነፍሳት ቅሪትና ሬንጅ ወዲያው እንዲነሡ ያዛል። ጨውና በረኪና መከላከያ ሽፋኑን ይበሳሉ። በብረት ሽቦ ከተፈተገ ደግሞ የሽቦው ብናኝ ገላው ላይ ቀርቶ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከራሱ የወጣ ይመስላል። በፒክአፕና በላንድክሩዘር ፊት የሚገጠሙ የስቴይንለስ ቱቦዎች ላይ አንዳንዴ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። እነዚህን በለስላሳ ጨርቅና በቀላል ሳሙና፣ የብረቱን መስመር ተከትሎ ማጠብና ማድረቅ ይበቃል።

ቀለም የተቀባውም ያልተቀባውም ብረት ከባለቤቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቆሻሻው በጊዜ፣ በውኃ፣ በለስላሳ እጅ እንዲነሣለት። ይህ የሚጠይቀው ሁለት ባልዲ ውኃና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነው። ሲዘገይ የሚጠይቀው ግን የቀጥቃጭና የቀለም ዋጋ፣ መኪናው ያለ ሥራ የሚቆምበትን ቀንም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።