ወንጭፍ ከማንሳታችን በፊት

ወፍ ሁሉ የእህል ጠላት አይደለም። ነገር ግን ትንንሽ ወፎች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ታዲያ እንዴት እንለያቸው?

ከሩቅ ቀለም ያታልላል። ፀሐይ ከወፏ በስተጀርባ ከሆነች ማንኛዋም ወፍ ጥቁር ትመስላለች። ስለዚህ አስቀድመን ጠባይዋን እንይ። ብቻዋን ናት ወይስ ከመንጋ ጋር? የት አረፈች? ምን ትለቅማለች?

ግሪሳ በመንጋ ይሄዳል። ከሩቅ ሲታይ ጭስ ይመስላል። ማሳ ላይ ሲወርድ የኋለኞቹ በፊተኞቹ ላይ እየዘለሉ ወደፊት ያርፋሉ። አንዱ ግሪሳ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ይበላል። 100,000 ግሪሳ ቢመጣ በቀን እስከ 10 ኩንታል ይጠፋል ማለት ነው።

ግሪሳ የሚበዛው በቆላና በስምጥ ሸለቆ ነው። በደጋው፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ዳርቻ፣ በሣርና በቁጥቋጦ መካከል የሚታዩት ሌሎች ናቸው። አንደኛዋ ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። መሬት ወርዳ ትል ታነሳና ተመልሳ ትወጣለች። የወንዱ ራስ ጥቁር፣ የአንገቱ ጎን ነጭ ነው። ሁለተኛዋ በሣር ውስጥ በእግሯ ትሄዳለች። ጉሮሮዋ እርድ ይመስላል፤ ከሥሩ ጥቁር ማተብ ያሰረች ትመስላለች። ይህቺ ወፍ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አትገኝም።

የሁለቱም ዋና ምግብ ትልና ፌንጣ ነው። ፌንጣ ደግሞ ቡቃያችንን ይበላል። እነሱን በወንጭፍ የመታ ሰው ተባይን ረዳ እንጂ እህሉን አልጠበቀም። እንግዲህ ቆም ብለን እንይ፤ ከዚያ በኋላ ወንጭፉን እናንሳ።