ከፓነሉ በፊት ባትሪው ይታሰብ

እኛ ለንደን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለትውልድ ቀያችን ገንዘብ ስናዋጣ ጣሪያ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ደስ ይለናል። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የፀሐይ መብራት አስገብቼ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጠፋ። ፓነሉ ደህና ነው፤ የሞተው ባትሪው ነው። ለመተኪያው ያስቀመጥነው ሳንቲም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓነል 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ማታ የሚያበራው ግን ቀን ባትሪ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ነው፤ ተራው የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ይደክማል። እስኪያልቅ ከተጠቀሙበት ፈጥኖ ይሞታል። እዚህ ብሪክስተን እ.ኤ.አ. በ2012 ነዋሪዎች አክሲዮን ገዝተው በካውንስል ሕንፃ ጣሪያ ላይ ፓነል ሲያስተክሉ ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ዋናው የመብራት መስመር አለ። ገጠራችን ያ የለውም።

መፍትሔው ግን ከአገር ቤት ሩቅ አይደለም። በሰሜን ሸዋዋ ሬማ አንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ከ1 ሺህ በላይ ቤቶችን በትናንሽ የ10 ዋት ፓነሎች አብርቷል። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ባለቤቶቹ ለጥገና በየወሩ ይከፍሉ ነበር፤ እዚያው ሬማም የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 መቀመጫው ለንደን የሆነውን የአሽደን ሽልማት አግኝቷል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ለሚቀጥለው መዋጮ ስንሰበሰብ «ስንት ፓነል?» ከማለታችን በፊት «ባትሪው ሲደክም ማን ይከፍላል? ማንስ ይጠግናል?» እንበል። አለዚያ ተማሪው ተመልሶ ኩራዙን ይለኩሳል።