የአንዱ መኪና ኤር ፍሎው ሴንሰር ለሌላው ሲገጠም

ከመተማ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ደባርቅ የሚወጣ ሾፌር በአንድ ቀን ከ700 ሜትር ገደማ ቆላ ወደ 2,850 ሜትር ደጋ ይደርሳል። ሞተሩ ያው ነው፤ የሚስበው አየር ግን እየሳሳ ይሄዳል። ጎንደር ከተማ ላይ የአንድ ሊትር አየር ክብደት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ደባርቅ ላይ ሩቡ የለም። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ መንገዱ ቧሂት ላይ ሲደርስ፣ 4,200 ሜትር አካባቢ፣ ሢሶው ጎድሏል። ቤንዚን ደግሞ የሚመጠነው በአየሩ ክብደት ነው፤ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር። ይህን ክብደት ለመኪናው ኮምፒውተር የምትነግረው ኤር ፍሎው ሴንሰር ናት።

ዕቃዋ ትንሽ ናት። በብዙ ኮሮላዎች ላይ ከአየር ማጣሪያው ሳጥን መውጫ በሁለት ቪቴ ታስራ ትገኛለች። በውስጧ በኤሌክትሪክ የምትግል ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ አለች። አየር ሲያልፍባት ትቀዘቅዛለች፤ ሙቀቷ እንዳይወርድ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይላክላታል፤ የዚያ ኤሌክትሪክ መጠን በቮልት ለኮምፒውተሩ ይደርሳል። የሳሳ አየር የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ስለሆነ የደጋው ከፍታ ያለማንም ማስተካከያ በልኬቱ ውስጥ ይገባል። ካርቡራተር ያለው አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ይህ ዕድል የለውም፤ ቆላ ላይ የተስተካከለው ካርቡራተር ደባርቅ ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተለመዱት ባለ ክዳን መለኪያዎችም የአየሩን ብዛት እንጂ ክብደቱን አይለኩም ነበር። ደጋ ለደጋ ለሚነዳ ሰው ይህች የጋለች ሽቦ የዋለችለት ውለታ ትልቅ ነው።

ስትበላሽ ግን ምን ይደረጋል? አዲስ ኦሪጅናል ውድ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉትን መኪኖች አቆይቶ መንዳት ግድ ሆኗል፤ ያገለገለ መለዋወጫም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስከ ጎንደር ጋራዦች ይፈለጋል። እዚህ ላይ ነው «ሶኬቱ ከገጠመ ይሠራል» የሚባለው። ገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም ይስማማል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ሴንሰሯ የምትቀምሰው በቱቦው ውስጥ ከሚያልፈው አየር ጥቂቱን ብቻ ነው። ጠቅላላውን የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ ይህን ያህል ቮልት ማለት በሰከንድ ይህን ያህል ግራም አየር ማለት ነው የሚል ሠንጠረዥ ከፋብሪካው ተጽፎለታል። ሠንጠረዡ የተሠራው ለአንዲት ሴንሰርና ለአንድ የቱቦ ስፋት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲቀየር በአንዱ ቁና ሰፍሮ በሌላው ቁና እንደ መቁጠር ይሆናል። ባለ 60 ሚሊ ሜትር ቱቦ የነበረው መኪና ከሌላ ሞዴል የመጣ ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቢገጠምለት፣ የቱቦው አፍ በ36 በመቶ ስለሚሰፋ ሴንሰሯ 100 ስትል የገባው አየር 136 ያህል ይሆናል። ነዳጁ ያንሳል። በተቃራኒው ጠባብ ቱቦ ሲሆን ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ካታሊስቱም ይጎዳል።

ከቶዮታ ወደ ኒሳን ማዘዋወር ደግሞ ከናካቴው አይታሰብም። የዴንሶና የሂታቺ ሥሪቶች የቮልት አወጣጣቸው ይለያያል፤ ከቮልት ይልቅ በፍሪኩዌንሲ የሚናገሩ ሴንሰሮችም አሉ። በአንጻሩ ትክክለኛ ዝውውር አለ። ቶዮታ 22204-22010 የሚል የዕቃ ቁጥር ያለውን አንድ ሴንሰር ለኮሮላም ለራቭ ፎርም ተጠቅሞበታል፤ የሚለያየው ቱቦውና የኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሴንሰሯን ብቻ ፈትቶ ማዛወር ይቻላል። ከነሳጥኑ ክዳን ነቅሎ መግጠም ግን ስሕተት ነው።

ደጋው ይህን ስሕተት ይሸፍናል። ባለ 1.8 ሊትር ሞተር በባሕር ጠለል ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ በ6,000 ዙር በሰከንድ 90 ግራም ያህል አየር ይስባል፤ ደባርቅ ላይ ወደ 70 ይወርዳል። የኃይሉም መቀነስ በዚያው ልክ ነው። ሾፌሩ ይህን ስለለመደ ከዛሪማ ሊማሊሞን ሲወጣ መኪናው ቢደክምበት ሰበቡን ለዳገቱ ይሰጣል። ሚኒሞ ላይ ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩ ጉድለቱን አይቶ ነዳጅ እያስጨመረ ያስታርቀዋል፤ ጋራዥ ቆሞ ሲሰማ ሞተሩ ደህና ነው። ዳገት ላይ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ግን ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን መስማት ያቆማል፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር በብርቱ ሥራ ላይ ሳለ ይግላል፣ ያንኳኳል።

ከመግዛት በፊት ማጽዳት ይቀድማል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወስደው የጠጠር መንገድ አቧራው ብዙ ነው፤ ያረጀ ማጣሪያ ያሳለፈው አቧራ ሽቦዋ ላይ ሲለጠፍ ልኬቷ ይቀንሳል። ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ተረጭታ ሳትነካ ትደርቃለች፤ በጥጥ ወይም በብሩሽ ከተነካች ልትበጠስ ትችላለች። ሶኬቷን ነቅሎ ሞተሩን ማስነሣትም ይረዳል፦ ያለ እሷ የተሻለ ከሠራ ጥርጣሬው ወደ እሷ ነው። 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ግን ይህች ሴንሰር ጭራሽ የለችውም፤ ደካማ ቢሆን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

መግዛት ግድ ከሆነ ከአሮጌዋ ጀርባ ያለውን ቁጥር ጽፈው ይሂዱ፤ ቱቦውን አይቀይሩ። ከተገጠመ በኋላ መካኒክዎ ዳያግኖስቲክ ማሽኑን ሰክቶ ፊውል ትሪም የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር በሚኒሞም በዳገትም ያሳይዎት። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሳይረገጥ ዳገት ላይ ከ10 በመቶ በላይ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ከሄደ፣ ወይም ፒ 0171 ወይም ፒ 0172 የሚል ኮድ ከወጣ፣ ዕቃዋን ለሻጩ ይመልሱለት።