ኮሚክና ግራፊክ ኖቭል፦ አንድ ሥራ፣ ሁለት ስም

እንግሊዛውያኑ ደራሲ አላን ሙርና ሠዓሊ ዴቭ ጊበንስ «ዎችመን»ን ከ1986 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት በ12 ተከታታይ እትሞች ነበር። በዚያን ጊዜ ኮሚክ ይባል ነበር። እትሞቹ በ1987 በአንድ ጥራዝ ሲሰበሰቡ ግን ግራፊክ ኖቭል ተባለ። ታሪኩ ያው፣ ሥዕሉም ያው ነው።

በአሜሪካ ኮሚክ ሲባል በአብዛኛው 32 ገጽ ገደማ ያለው፣ ወገቡ በሽቦ የተሰፋ፣ ታሪኩን ለሚቀጥለው ወር እያሳደረ የሚወጣ ስስ መጽሔት ነው። በ1938 ሱፐርማን ብቅ ያለው በኮሚክ መጽሔት ላይ ነው። ግራፊክ ኖቭል ደግሞ ወፈር ያለ ጥራዝ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ታሪኩን ጀምሮ ይጨርሳል፤ የሚሸጠውም በመጻሕፍት መደብር ነው።

አዲሱ ስም ያስፈለገው አሮጌው ስለጎደፈ ነው። በ1954 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርታም ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደረሰ። አሳታሚዎች ፈርተው በራሳቸው ላይ የሳንሱር ደንብ አወጡ። ከዚያ በኋላ ለአዋቂ የሚሆን ቁም ነገር በኮሚክ ይነገራል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ሆነ።

ግራፊክ ኖቭል የሚለውን ስም በ1964 የተጠቀመበት ሃያሲው ሪቻርድ ካይል ነው። ከሕዝብ ጋር ያስተዋወቀው ግን ዊል አይዝነር ነው። አይዝነር የ16 ዓመት ልጁን በደም ካንሰር አጥቷል። በ1978 ባወጣው «ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል» ውስጥ ልጁን ቀብሮ ፈጣሪውን የሚሞግት አንድ የብሮንክስ አይሁዳዊ አለ፤ ሐዘኑ የራሱ የአይዝነር ነው። ይህን የመሰለ ሥራ ከልጆች መጽሔት ጋር ተደርድሮ እንዲሸጥ አልፈለገም፤ ግራፊክ ኖቭል የሚለው ስም በሽፋኑ ላይ የታተመው ለዚህ ነው። እኔ በዚህ አልፈርድበትም።

ይሁን እንጂ «ኖቭል» ልብ ወለድ ማለት ስለሆነ ስሙ ሁሉንም አይገልጽም። አርት ስፒገልማን በ«ማውስ» ከናዚ እልቂት የተረፉትን የአባቱን እውነተኛ ታሪክ፣ አይሁዳውያንን በአይጥ ጀርመኖችን በድመት መስሎ ይተርካል። አንድ ጋዜጣ ከልብ ወለድ ተርታ ሲመድበው ደራሲው ተቃውሞ አሳረመው። መጽሐፉ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። አላን ሙርም ግራፊክ ኖቭል የሚለውን ስም የገበያ ቃል ነው ብሎ ይነቅፈዋል።

እንግዲህ ስያሜው ስለ ጥራዙና ስለ መደርደሪያው እንጂ ስለ ሥራው ብስለት አይናገርም። ኮሚክ የልጆች ነው ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ፣ በ«ማውስ» ጀምሩ።