ጭጋግና ግራጫ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ጉዳይ ሲወሳሰብባቸው ወይም የሁለት ነገሮች ወሰን ሲጠፋባቸው ቃል የሚዋሱት ከዓይን ነው። ነገሩ ጭጋግ ለበሰ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ መስመሩ ደበዘዘ ይላሉ፤ ከጥቁርና ከነጭ መካከል ላለውም «ግሬይ ኤሪያ»፣ ግራጫ ቀጠና የሚል ስም አላቸው። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳብራሩት፣ በእንግሊዝኛ መረዳት እንደ ማየት ስለሚነገር አለመረዳትም የእይታ ጉድለት መስሎ ይነገራል። በእነዚህ አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከቋንቋ ጌጥ ያለፈ ነው። ጭጋግ የሸፈነው ተራራ ጠርዙን አላጣም፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ ይታያል። ግራጫው ግን ዓይን ቢጠራም፣ መብራት ቢበዛም ጠርዝ አይወጣለትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጨማሪ መረጃ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ውሳኔ። ልጅነት የሚያበቃበትን ቀን ተመራምሮ የሚያገኝ የለም፤ የእንግሊዝ ሕግ በ1969 የአዋቂነትን ዕድሜ ከ21 ወደ 18 ያወረደው ሕግ አውጪዎች ስለወሰኑ እንጂ በተፈጥሮ ውስጥ አዲስ ድንበር ስለተገኘ አይደለም።

ሥጋቴ «ብለር» (መደብዘዝ፣ ብዥታ) በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ በጥንት አጠቃቀሙ ጽሑፍን የሚያበላሽ የቀለም እድፍ ነበር፤ እድፍ ደግሞ ያሳደፈው እጅ አለው። ዛሬ «መስመሩ ደበዘዘ» ሲባል ያ እጅ አይታይም። በሕዝብና በግል ገንዘብ መካከል ያለው ወሰን በሕግ ተጽፎ ሳለ፣ ባለሥልጣን ረግጦ ያለፈውን መስመር «ደበዘዘ» ማለት ጥፋትን ጭጋግ ማድረግ ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ በጻፈው መጣጥፍ የተቆጣው እንዲህ ድርጊትን በሚሸፍን አነጋገር ነው።

ብዥታ ሁሉ ማታለያ ነው ወይ የሚል ይኖራል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ፈላስፋው ቪትገንሽታይን በ1953 በታተመው የፍልስፍና መጽሐፉ፣ ያልጠራ ምስል አንዳንዴ የምንፈልገው ራሱ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ሎትፊ ዛዴም በ1965 በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ሆኖ «ፈዚ» (ብዥ ያለ) የተባለውን ሒሳብ ሲያቀርብ፣ አንድ ነገር በአንድ ምድብ ውስጥ የሚገባበትን መጠን ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ቁጥር እንዲገለጽ አደረገ፤ በ1987 የተከፈተው የጃፓኗ የሰንዳይ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ፍጥነቱንና አቋቋሙን የሚቆጣጠረው በዚሁ ስልት ነበር። ይህ ብዥታ ግን የሚደብቀው ነገር የለም። ዛዴ ስለታም ድንበር እንደሌለ በግልጽ ተናግሮ መጠኑን ያስቀምጣል፤ ያልተስማማ ሰው ቁጥሩን ጠቅሶ ሊሞግተው ይችላል። «መስመሩ ደበዘዘ» ያለን ባለሥልጣን የምንሞግተው ቁጥርም፣ የምንጠይቀው ሰውም አልሰጠንም።