የልጅ ቀለብ ስንት ነው? «ሲሶ» የሚል ሕግ የለም

ታላቅ እህቴ ከባለቤቷ ጋር ለመለያየት በወሰነችበት ሰሞን ቤታችን በምክር ተጥለቅልቆ ነበር። አክስታችን «የደመወዙን ሲሶ ነው የሚቆርጡለት» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ «ለአንድ ልጅ የተቆረጠ ተመን አለው» ብለው ተከራከሩ። እህቴ ራሷ «ከእሱ አንድ ብር አልፈልግም፣ ልጄን ብቻዬን አሳድጋለሁ» ብላ ክፍሏን ዘጋች። ሁሉም እርግጠኛ ነበር፤ ሕጉን ያነበበ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው፤ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ቁጥር ሲነገረኝ «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ የሥራ ልማዴ ነው። እናም አዋጁን ፈልጌ አነበብኩት። እርስዎም በዚህ መንገድ ላይ ካሉ፣ ወይም ወንድምዎ፣ እህትዎ ወይም ጓደኛዎ ካለ፣ ያገኘሁትን ላካፍልዎ።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡ ክልሎችም አሉ፤ ስለዚህ ክልል የሚኖሩ ከሆነ የዚያኑ ያረጋግጡ። አዋጁ ውስጥ ሲሶም፣ ሩብም፣ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል የሚል ሠንጠረዥም የለም። የቀለቡ መጠን የሚወሰነው ሁለት ነገሮች ተመዝነው ነው፦ የተቀባዩ ፍላጎትና የሰጪው አቅም።

ታዲያ «ሲሶ» ከየት መጣ? ግምቴን ልንገርዎ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህ የደመወዝ ተቆራጭ ጣሪያ ነው እንጂ የቀለብ ተመን አይደለም። አባት ከደመወዙ ሌላ የቤት ኪራይ ወይም የሱቅ ገቢ ካለው እሱም የአቅሙ አካል ነው። ደመወዙ ትንሽ ሆኖ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ደግሞ ሲሶው ሊከብደው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

«ቀለብ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ስንሰማው ጤፍ፣ ዘይትና ሽሮ ነው የሚታየን። ሕጉ ግን ምግብን ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትንም ይጨምራል። ስለዚህ «ልጁ እንደሆነ አይራብም» የሚል መከራከሪያ ሩቅ አያስኬድም።

እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ጠቀመን። ከእህቴ ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብለን የልጇን የዓመት ወጪ ጻፍን። የዓመት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው የወር ወጪውን ብቻ አስቦ ይሄድና መስከረም ላይ መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ሲመጣ ይደነግጣል። ሁሉንም ደምረው ለ12 ያካፍሉት።

የእህቴን ቁጥር ትቼ ለአሠራሩ ብቻ ምሳሌ ልስጥዎ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መመዝገቢያ፣ ሰርቪስና ዩኒፎርም በዓመት 72,000 ብር ቢሆን በወር 6,000 ይመጣል። ምግብ 4,000፣ ከቤት ኪራዩ የልጁ ድርሻ 2,500፣ ልብስና ሕክምና 1,500፣ ልዩ ልዩ 1,000 እንበል። ድምሩ በወር 15,000 ብር ነው። አባት በእጁ የሚገባው 36,000፣ እናት 24,000 ቢሆን፣ ከሁለቱ ገቢ 60 በመቶው የአባት፣ 40 በመቶው የእናት ነው። በዚሁ ልክ ሲከፈል የአባት ድርሻ 9,000፣ የእናት 6,000 ይሆናል። ልጁ ከእናቱ ጋር የሚኖር ከሆነ የእሷ 6,000 በየቀኑ በቤቷ ይወጣል፤ የሚላከው የአባት 9,000 ነው። እናት ስንት ሌሊት ከታመመ ልጅ ጋር እንዳደረች ይህ ሂሳብ አያውቅም፤ እኔም በኤክሴል የማስገባበትን መንገድ አላገኘሁም።

ልብ ይበሉ፣ ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ ዳኛውን አያስገድድም። ከፋዩ የሚያስተዳድራቸው ሌሎች ልጆች ካሉት፣ ወይም ከታመመ፣ አቅሙ ሲመዘን ይታያል። ነገር ግን ችሎት ፊት «ብዙ ወጪ አለብኝ» ብሎ ከመቆምና ደረሰኝ የተያያዘበት አንድ ገጽ ከማቅረብ የትኛው እንደሚሻል ለእርስዎ አይነገርም።

ከባዱ የሌላውን ወገን ገቢ ማሳየት ነው። ተቀጣሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን የደመወዝ ማስረጃ እንዲልክ ሊያዝ ይችላል። ነጋዴ ከሆነ ግን ነገሩ ይጠበባል፤ በወረቀት የሚያሳየው ገቢና የሚነዳው መኪና የማይተዋወቁ ሰው ያጋጥማል። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ሰነድ፣ የኪራይ ውል፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ለጠበቃ አቅም ከሌለዎት እንደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት አሉ።

ፍቺው እስኪያልቅ መጠበቅም አያስፈልግም። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አኗኗርና ቀለብ ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ይደነግጋል። ይህን ሳያውቁ ወራት በብድር የኖሩ እናቶችን አውቃለሁ። በስምምነት የሚፋቱ ከሆነ ደግሞ ስምምነታችሁ ለዳኛው ይቀርባል፤ የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ እንደማይጠብቅ ካመነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን በራሱ ውሳኔ ሊያርም ይችላል። የእህቴ «አንድ ብር አልፈልግም» ያበቃው ይህን ስነግራት ነበር። «ገንዘቡ እኮ የአንቺ አይደለም፣ የእሱ ነው» አልኳትና ወደተኛው ልጅ አሳየኋት። አኩርፋ ቆየችና እስክሪብቶ አነሳች።

ያልተጋቡ ወላጆችስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አባትነቱ ከታወቀ ወይም ከተረጋገጠ የቀለቡ ነገር አንድ ነው። ደግሞ 18 ዓመት ሲሞላ ሁሉ ነገር ያበቃል ብለው አይደምድሙ፤ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ግዴታ የሚያየው ችግር መኖሩንና ሠርቶ ራስን ማስተዳደር አለመቻሉን ነው።

ከፋይ ከሆኑ አንድ ነገር ልለምንዎ፦ በእጅ አይስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር፣ «የወሩ ቀለብ» ብለው ጽፈው ይላኩ። ለልደት የገዙት ጫማና ታብሌት ደስ ይላል፤ ክርክር ሲነሳ ግን ቀለብ ከፍያለሁ ለማለት ይከብድዎታል። ልጁን እንዳላይ ተከለከልኩ ብለውም ክፍያ አያቁሙ። ተቀባይ ከሆኑም ገንዘቡ ስለዘገየ ልጁን አይደብቁ። የመጠየቅ መብቱም ቀለቡም ለየራሱ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጉዳይ ነው፤ አንዱ የሌላው መያዣ አይሆንም።

ተወስኖ ካልተከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ቀለብ የመስጠት ግዴታውን ያለ በቂ ምክንያት የማይወጣ ሰው አቤቱታ ሲቀርብበት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 መሠረት በእስራት ወይም በመቀጮ ሊቀጣ ይችላል። ዝም ብለው ግን አያጠራቅሙ፤ ያለፈ ቀለብ የሚጠየቅበት ጊዜ አጭር ነው።

የተወሰነው ቁጥርም እንደተወሰነ አይቀርም። ሥራ የለቀቀ፣ ደመወዙ ያደገ፣ ልጁ የታመመበት፣ ማንኛውም ወገን መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይችላል። ኑሮው በዚህ ፍጥነት እየተወደደ የዛሬ ሦስት ዓመት የተወሰነ ገንዘብ ዛሬ ምን እንደሚገዛ እርስዎም ያውቃሉ። እኛ ስምምነቱ ላይ «በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወጪው እንደገና ይታያል» የሚል አንድ መስመር አስገባን።

ባለፈው ነሐሴ የትምህርት ቤቱ የክፍያ ጭማሪ ደብዳቤ እንደመጣ ሁለቱ አንድ ካፌ ተገናኙ። እህቴ ያቺን አንድ ገጽ ይዛ ሄደች። እሱ ከላይ እስከ ታች አነበባትና የሰርቪሱን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘ። «ጠዋት ጠዋት እኔ አደርሰዋለሁ፤ ከሰዓት ያለውን ግማሽ ብቻ ጻፊ» አላት።