ጠባቡ ሸማ ሰፊ ጋቢ እስኪሆን

አንድ ጋቢ ምንጣፍ ላይ ዘርጉና እጃችሁን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው አሻግሩት። መዳፋችሁ መሀሉ ላይ ሲደርስ ከጥለት እስከ ጥለት ቀጥ ብላ የወረደች ቀጭን ስፌት ያገኛል። ጋቢ ስንገዛ የጥለቱን ድምቀት እናያለን፤ ፈትሉን እንዳስሳለን፤ በእጃችን አንሥተንም ክብደቱን እንገምታለን። ያቺን ስፌት ገልጦ የሚመረምር ገዢ ግን ጥቂት ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው እሷን ነው። ጋቢው ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና ጋቢ አይደለምና፤ ረጅምና ጠባብ ሸማ ነው። ጋቢ የሚሆነው ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ተገጥሞና ተደርቦ ሲሰፋ ነው።

ጥበቱ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈታል። በተከፈተው መሀል መወርወሪያውን በአንድ እጁ ይሰድና በሌላው ይቀበላል፤ ያለፈውን ማግ ወደ ራሱ መትቶ ያጠብቃል፤ ከዚያ በመጣበት ይመልሰዋል። መወርወሪያውን ሳይንጠራራ መስደድና መቀበል ስላለበት የጨርቁ ወርድ በክንዱ ልክ ይወሰናል። ከአንድ ሜትር ያንሳል። ሌላው ዓለምም ለረጅም ዘመን በዚሁ ወሰን ውስጥ ሲሸምን ኖሯል። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ በ1733 እ.ኤ.አ. ገመድ ሲሳብ ከዳር እስከ ዳር የሚበር መወርወሪያ ሲፈለስፍ ነው አንድ ሰው ብቻውን ከክንዱ የሚሰፋ ጨርቅ መሥራት የቻለው። የእኛ ሸማኔ የወርዱን ችግር የፈታው በመርፌ ነው። ለነጠላ ሁለት እኩል ቁመት ሸማ ጎን ለጎን ይሰፋል። ለጋቢ አራት ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ገጽ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ሌላውን ገጽ፤ ከዚያ ይደረባሉ። አራት ፈርጅ የሚባለው ይህ ነው።

ይህን ሥራ ከጥሬው እስከ ስፌቱ በአንድ ስፍራ ማየት ለሚፈልግ ሰው ፎገራ ጥሩ ቦታ ነው። ሜዳው የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ተዘርግቶ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ክረምት በመጣ ቁጥር እየሞሉ የሚተኙበት፣ በፎገራ ከብት ስሙ የተነሣ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሩዝ የሰፈረበት አገር ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ ይዞ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ግን ከመንገዱ ገባ ብላ አውራ አምባ ትገኛለች። ማኅበረሰቡን አቶ ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር በ1964 ዓ.ም. መሠረቱ። ሴትና ወንድ በሥራ እኩል ናቸው የሚል እምነታቸው በዙሪያው ካለው ልማድ ጋር አጋጫቸው። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ቀዬአቸውን ለቀው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ሲመለሱም አብዛኛው የእርሻ መሬታቸው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃቸው። በቀረችው መሬት ሁሉም አርሶ ማደር ስላልተቻለ ሽመናን ዋና መተዳደሪያ አደረጉ።

ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በአገራችን ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የተናቁበት ዘመን ረጅም ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ አልጠፋም። አውራ አምባ ላይ ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷም ትሸምናለች። መሸመኛዎቹ በአንድ አዳራሽ ተደርድረው ስለሚሠሩ፣ የመምቻው ድምፅ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ከሩቅ ይሰማል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የአልጋ ልብስና የአንገት ልብስ ከዚያ ይወጣሉ። በእንጨት ማዕቀፍ ላይ የቆሙት አዳዲስ መሸመኛዎች ከጉድጓዱ ቢገላግሏቸውም፣ ጋቢው መሀል ላይ የምትወርደዋን ስፌት አላስቀሯትም።

አሁን ወደ ስፌቷ እንመለስ፤ ልብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሥራው የሚጀምረው መቀስ ከመነሣቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ድሩ በሚደራበት ቀን ነው። ዛሬ ድሩ ባብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ እኩል ውፍረት ስላለው ውጥረቱን ይችላል። ማጉ ግን የእጅ ፈትል ሲሆን ጋቢው ይለሰልሳል፣ ሙቀትም ይይዛል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ በቀሰም ላይ ይጠነጠናል። ሸማኔው ድሩን ሲያደራ የአራቱን ቁራጭ ቁመት በአንድ ላይ ያደራዋል። በክንድ ይለካል፤ ለዘርፍ የሚቀረውንም ይጨምርበታል። የመጀመሪያውን ጥለት ይሠራል፣ ነጩን ይሸምናል፣ ሁለተኛውን ጥለት ይሠራል፤ ከዚያ ማግ ያልገባበት ባዶ ድር ጥቂት ይተውና ቀጣዩን ቁራጭ ይጀምራል። በኋላ መቀሱ የሚያርፈው በዚያ ባዶ ድር ላይ ነው። ለሁለቱም ወገን የሚተርፈው ክር ተቋጭቶ ዘርፍ ይሆናል። ስለዚህ ጋቢ ሲቆረጥ የተሸመነው ጨርቅ አይነካም፤ የሚቆረጠው ቦታ ሲሸመን ተወስኗል።

ሁለተኛው ነገር ጥለቱ ነው። ጥለት ጨርቁን አቋርጦ የሚያልፍ ባለ ቀለም ማግ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ሲገጠሙ የአንዱ ቀይ ከሌላው ቀይ፣ የአንዱ አረንጓዴ ከሌላው አረንጓዴ ጋር ፊት ለፊት መምጣት አለበት። ጎበዝ ሸማኔ ይህን በሜትር አያገኘውም፤ ማግ በመቁጠር ነው። በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ቀዩን ስንት ጊዜ እንደወረወረ ያውቃል፣ በአራተኛውም ያንኑ ያህል ይወረውራል፤ የመምቻውን ኃይልም ከጠዋት እስከ ማታ እኩል ያደርጋል። ደክሞት ላላ ካደረገ ቁጥሩ ልክ ሆኖም ጥለቱ ይሰፋል። ገበያ ላይ ጋቢ ስታነሡ ጥለቱ ስፌቱን የሚያቋርጥበትን ነጥብ እዩ። ቀለሞቹ እንደ ደረጃ ከተዛነፉ ወይ ሸማው ከሁለት እጅ ወጥቷል፣ ወይ ሰፊው ቸኩሏል።

ሦስተኛው ዳሩ ነው። ሸማ በሁለቱ ጎኑ ማጉ ዞሮ የሚመለስበት የተዘጋ ዳር አለው፤ አይተረተርም። ስለዚህ የጋቢ ስፌት ጨርቁን ወደ ውስጥ ማጠፍ አያስፈልገውም፤ ዳርና ዳር አፍ ለአፍ ገጥሞ ጥቂት ክር ብቻ በመያዝ ይሰፋል፤ በእጅም ይሁን በመኪና። ዘርጋ ሲሉት ያለ እብጠት የሚተኛው ለዚህ ነው። የሚያስቸግረው ውጥረቱ ነው። አንዱ ዳር ተስቦ ሌላው ላልቶ ከተሰፋ፣ ጋቢው ታጥቦ ጥጡ ሲሰበሰብ ስፌቱ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ ካውያም አያቃናው። ከአንድ ድር፣ ከአንድ እጅ የወጡ ቁራጮች ግን አብረው ይሰበሰባሉ። በደንብ ተሠርቶ ዓመታት የታጠበ ጋቢ ስፌቱ ቀጥ እንዳለ የሚቆየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጠባብን ከጠባብ እየቀጠሉ ሰፊ ማድረግ በሌላ አገር ሌላ መልክ ይዟል፤ ለእኛ ሰፊዎች ይጠቅማል ብዬ የማምንበትን አንዱን ላስተዋውቅ። የግንድ ጎጆ የሚባል የአልጋ ልብስ አሠራር ነው። በአሜሪካ ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተስፋፋ፤ በግንድ ጎጆ ተወልዶ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከአብርሃም ሊንከን ስም ጋርም ያያይዙታል። የሚመስለው አሠራር ግን በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለችው በማን ደሴትም ነበር። የደሴቲቱ ሴቶች ጨርቁን በእጅ ቀደው፣ በጣታቸውና በመዳፋቸው ለክተው ይሰፉት ነበር። በክንድና በስንዝር ለሚለካ አገር ይህ ባዕድ አይደለም። የጥንት ግብፆች የእንስሳትን በድን የጠቀለሉበት የበፍታ ቅዳጅም እንዲሁ በካሬ ዙሪያ ካሬ እየሠራ ይታያል።

መሀሉ ትንሽ ካሬ ነው፤ ልማዱ ቀይ ማድረግ ነው፤ የምድጃው እሳት ነው ይላሉ። በዙሪያው ቅዳጆች አንድ በአንድ ይሰፋሉ፤ ግንድ በግንድ ላይ እየተረበረበ ግድግዳ እንደሚሆነው። ሁለቱ ተጎራባች ጎኖች ፈካ ያለ ቀለም፣ ሌሎቹ ሁለቱ ጠቆር ያለ ይለብሳሉ፤ ካሬው ሲያልቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ግማሹ ብርሃን ግማሹ ጥላ ይሆናል። እዚህ ዳሩ ሁሉ የተቆረጠ ነው፤ ስለዚህ ይተረተራል። እንደ ጋቢ አፍ ለአፍ መግጠም አይቻልም፤ በየስፌቱ 6 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። ተሰፍቶ ሲያልቅ 3 ሳንቲሜትር ወርድ እንዲኖረው የምንፈልገው ቅዳጅ በ4.2 ይቆረጣል፤ መሀሉም 4.2 በ4.2 ካሬ ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር አራት ቅዳጆች ርዝመት 4.2፣ 7.2፣ 7.2 እና 10.2 ነው። ሁለተኛው ዙር ከ10.2 ተነሥቶ 13.2፣ 13.2 እና 16.2 እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው ደግሞ 16.2፣ 19.2፣ 19.2፣ 22.2። ሁልጊዜ የዙሩ የመጨረሻ ርዝመት የሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ነው። ሦስት ዙር ሲሞላ በአሥራ ሦስት ቁራጭ የተሠራ፣ ከሌላው ጋር ሲገጠም 21 ሳንቲሜትር የሚሆን ካሬ ይወጣል።

አሁን ስፌቱ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ጠልቆ ገባ እንበል። አንዱ ስፌት ከሁለቱም ጨርቆች ስለሚወስድ ጉድለቱ 2 ሚሊሜትር ነው። በካሬው ላይ ከዳር እስከ ዳር ስድስት ስፌት አለ፤ 12 ሚሊሜትር ጠፋ ማለት ነው። 21 የነበረው 19.8 ይሆናል። በትክክል ከተሰፋው ጎረቤቱ ጋር ሲገጠምም ወይ ይጎተታል ወይ ይኮማተራል። ስሕተቱ ማንም የማያየው ነው፤ ተጠራቅሞ ሲወጣ ግን አልጋ ልብሱን ያጣምመዋል። ለዚህ የድሮዎቹ ሰፊዎች ቅዳጁን በባዶው አይቀጥሉትም ነበር፤ አንድ አሮጌ ጨርቅ በካሬው ልክ ቆርጠው፣ መስመር አስምረው፣ በእሱ ላይ ይሰፉት ነበር። የሥሩ ጨርቅ መጠኑን ይይዛል። ከየስፌቱ በኋላም ቅዳጁ ወደ ውጭ ተገልብጦ በካውያ ይተኛል፤ ያልተተኮሰ እጥፋት ርዝመት ይሰርቃል።

ከጋቢና ከነጠላ የሚተርፍ ቁርጥራጭ በየሸማኔውና በየልብስ ሰፊው ቤት አለ። ያረጀ ጋቢም መሀሉ ሲሳሳ ዳርና ዳሩ ገና ጠንካራ ነው። ወለል መወልወያ ከሚሆን ለዚህ ቢውል ደስ ይለኛል፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ብዙ ድካም ያለበት ነገር ነው። ነገር ግን የእኛ ጨርቅ የራሱ ጠባይ አለው፣ ለእሱ መታዘዝ ያስፈልጋል። አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ከተሰፋ በኋላ የሚሰበሰብ ጨርቅ ሥራውን ያበላሻል። የነጠላ ጨርቅ ከጋቢ ጨርቅ ጋር አይቀላቀል፤ ውፍረታቸው ስለሚለያይ ወፍራሙ ቀጭኑን ይጎትተዋል። በእጅ የተሸመነውን በእጅ መቅደድም አያስተማምንም። ከዳሩ አንድ ክር ይመዘዝና ክሩ የወጣበት መስመር ላይ በመቀስ ይቆረጥ፤ ከዚያ የበለጠ ቀጥ ያለ መስመር ማስመሪያም አይሰጥም። ሸማ ላላ ያለ ስለሆነ የሥር ጨርቁ ግድ ነው፤ ያረጀ አቡጀዲ ይበቃዋል። ለመሀሉ ቀይ ከአሮጌ ጥለት የተቆረጠ ቁራጭ ያምራል፤ ብርሃኑ ነጭ ሸማ፣ ጥላው ከልብስ ሰፊ ቤት የሚለቀም ጠቆር ያለ የጥጥ ጨርቅ ይሁን።

አደራደሩ ብዙ ነው። አንዱን ካሬ ቀጥ፣ የሚያዋስነውን ገልብጦ ዘቅዝቆ እያፈራረቁ ሲደረድሩት ብርሃንና ጥላው በሰያፍ የሚወርዱ ረጃጅም መስመሮች ይሆናሉ። አሜሪካኖቹ ይህን አደራደር ቀጥ ያለ ትልም ብለው ሰይመውታል። ወርዱ ስምንት፣ ቁመቱ አሥር ካሬ ከሆነ 168 በ210 ሳንቲሜትር ይመጣል፤ ለአንድ አልጋ የሚበቃ፣ አንድ ሺህ አርባ ቁራጭ ያለበት ሥራ። ለዚህ ሁሉ ቅዳጁን በአንድ ቀን ቆርጦ መጨረስ ያጓጓል። መጀመሪያ ግን አራት ካሬ ብቻ ተሰፍቶ ተተኩሶ ይለካ። ገና ሳይገጠሙ የእያንዳንዱ ጎን 22.2 ካልመጣ ቅዳጁን ማስፋት ወይም ማጥበብ አያስፈልግም፤ መርፌው ከጨርቁ ጠርዝ ያለው ርቀት ይስተካከልና አራቱ እንደገና ይሰፉ።